አጥንት የታጠበበት ውሃ

አብሳይዋ የባሏን እህት መጥላት የጀመረችው ገና በሠርጓ ሳምንት ነው። እህትየዋ ያኔ ሙሽራዋን ከእግር እስከ ራሷ ገረመመቻትና፣ «ወንድሜ ሚስት ሊያገባ ነው ስባል፣ ለካ ምድጃ ነው ያገባው» ብላ እንግዳውን ሁሉ በሳቅ ገደለችው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ሁለቱ ሴቶች እሑድ እሑድ በአማትየው ቤት ምሳ ላይ ይገናኛሉ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፤ ሲለያዩ ሁለቱም እፎይ ይላሉ።

እህትየዋ ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ ትጽፋለች። ከተማው የሚያውቃት በብዕር ስሟ «ቀማሿ» ብሎ ነው። ቀማሿ አንድ ቤት በልታ «ግሩም ነው» ካለች በማግስቱ በሩ ላይ ሰው ይሰለፋል። ፊቷን ካጨፈገገች ደግሞ የቤቱ ባለቤት ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ በሩን ቢዘጋ ይሻለዋል። በዚያ ዓመት አለቃዋ አዲስ ሥራ ሰጣት። በከተማው እንደ አሸን ከፈሉት የኮሪያ ምግብ ቤቶች ዐሥሩን መርጣ፣ በሳምንት አንድ አንዱን እየዞረች እንድትጽፍ። ችግሩ፣ ቀማሿ ስለ ኮሪያ ምግብ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በቀጭኖቹ የብረት ቾፕስቲኮች አንዲት ፍሬ ባቄላ እንኳ ማንሳት አትችልም።

አብሳይዋ ግን ታውቃለች። አሁን የምታበስለው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ የኮሪያ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ጥቅል ጎመን በጨው ስታሽ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በየቅጠሉ ስትቀባ፣ የበሬ አጥንት ስትቀቅል ኖራለች። የወጣችው ባለቤቶቹ አርጅተው ቤቱ ሲዘጋ ነው።

ቀማሿ ለወንድሟ ደወለችለት። «ሚስትህን ቅዳሜ ቅዳሜ አውሰኝ» አለችው።

ወንድሟ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። በክሪክ የቆመ አውቶቡስ ሥር ተንጋሎ የማይፈራው ሰውዬ እህቱን ግን እንደ መብረቅ ይፈራታል። ሚስቱን ሳይጠይቅ «እሺ» አለ።

«እኔ መዶሻ ነኝ የምታውሰኝ?» አለችው አብሳይዋ ማታ።

«ምሳ እኮ ነው። በልተሽ መምጣት ነው።»

«ከእሷ ጋር የተበላ ምሳ ደግሞ ይፈጫል?»

ለማንኛውም ሄደች። የመጀመሪያው ቤት አንድ ትልቅ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። በጋለ የድንጋይ ሳህን ላይ ሩዝ፣ አትክልትና እንቁላል ተደርድሮ እየተንጣጣ መጣላቸው። ቢቢምባፕ ይሉታል። ቀማሿ በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ካሮቱን ለብቻ፣ ስፒናቹን ለብቻ እየለቀመች መቅመስ ጀመረች።

«እትዬ፣ እሱ ይቀላቀላል» አለች አብሳይዋ። «ቀዩን የበርበሬ ሊጥ ጨምሪበትና ከሥር ገልብጪው። ታች ያረረውን ሩዝ እንዳትተዪው፤ ዋናው እሱ ነው።»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው ይሰማል።»

ሐሙስ ጋዜጣው ሲወጣ እንዲህ ይላል፦ «ልምድ የሌለው ተመጋቢ ታች ያረረውን ሩዝ ትቶት ይሄዳል። እኔ ግን ማንኪያዬን ቀድሜ የሰደድኩት ወደ እሱ ነው።» አብሳይዋ በፋብሪካው ካፍቴሪያ ጓዳ ውስጥ ቆማ አነበበችውና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

በሁለተኛው ቅዳሜ በረዶ የሚንሳፈፍበት ቀዝቃዛ ኑድል አዘዙ። አስተናጋጇ ትልቅ መቀስ ይዛ ስትመጣ ቀማሿ ደንግጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበችው። አብሳይዋ መቀሱ ረጅሙን ኑድል ለመቁረጥ እንደሆነ በጆሮዋ ነገረቻት። ጋዜጣው ላይ፦ «መቀሱን ሳይ እንደ ቀድሞ ወዳጅ ፈገግ አልኩለት።» በሦስተኛውም እንደዚያው። አብሳይዋ ታንሾካሹካለች፤ ሌላዋ ከጠረጴዛው ሥር ማስታወሻ ትይዛለች። «አመሰግናለሁ» የሚባል ቃል ከቀማሿ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው በአራተኛው ነው። ሥጋው ፊታቸው በከሰል ላይ ተጠበሰ፤ አብሳይዋ የሰላጣ ቅጠል መዳፏ ላይ ዘርግታ ሥጋውን፣ ሩዙን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጠቀለለችና በአንድ ጊዜ ጎረሰችው። «እንዲህ ነው፤ ለሁለት አይገመጥም» አለቻት፣ አፏ ሲለቅላት። ቀማሿም እንዲሁ በላች፤ ወደደችው። ሐሙስ የወጣው ጽሑፍ ግን ጥቅሉ በአንድ ጉርሻ እንደሚበላ በራሷ ዕውቀት ካስረዳ በኋላ፣ ለማሳቂያ ያህል ይህን ጨመረ፦ «አብራኝ የነበረች አንዲት የሥጋ ዘመዴ ሚስት፣ የፋብሪካ ምግብ አብሳይ፣ አፏን እንደ ጋራዥ በር ከፍታ ጡጫ የሚያህል ጥቅል ስትወረውርበት አስተናጋጁ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው።»

ዐርብ ጠዋት ካፍቴሪያ ስትገባ ድንች ላጮቹ ሴቶች «ጋራዥ መጣች! መንገድ ልቀቁ!» አሏት። ጋራዥ የሚለው ስም በአንድ ቀን ከጓዳው እስከ ክር ማጠንጠኛው ክፍል ተዳረሰ። ሳህን ይዘው የሚሰለፉት ሠራተኞች ሳይቀሩ «ጋራዥ፣ ትንሽ መረቅ ጨምሪልኝ» ይሏት ጀመር።

ማታ ጋዜጣውን ባሏ ፊት ወረወረችው። እሱ ሁለቴ አነበበውና፣ «ስምሽን አልጠራችም እኮ» አለ።

«ከተማው ውስጥ የፋብሪካ አብሳይ የሆነች፣ የቀማሿ ወንድም ሚስት፣ ስንት አለች?»

«ቀልድ ነው፤ አታክርሪው።»

አላከረረችውም። ቂሟን ቋጥራ፣ ቅዳሜን ጠበቀች።

አምስተኛው ቤት ከአውቶቡስ ማቆሚያ በስተጀርባ፣ በአንድ ጫማ ጠጋኝና በአንድ ቁልፍ ቀራጭ መሐል የተጨመቀ ነበር። አራት ጠረጴዛ ብቻ። የምታበስለውም፣ የምታስተናግደውም፣ ሳህን የምታጥበውም አንዲት ኮሪያዊት ባልቴት ናት። ወገቧ ጎበጥ ያለ፣ ክንዶቿ ግን እንደ ወጣት ወንድ ክንድ የጠነከሩ። ቋንቋውን ያወቀችው ከገበያ ነውና ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። የምትሠራው አንድ ምግብ ብቻ ነው፤ ሶሎንግታንግ። የበሬ አጥንት ቀንና ሌሊት ሲንተከተክ ውሎ አድሮ መረቁ እንደ ወተት ሲነጣ፣ ስስ ሥጋና ቀጭን ኑድል ይገባበታል፤ በጎን ሩዝና ኪምቺ የሚሉት፣ በበርበሬ የታሸ ፍጅል ይመጣል።

አብሳይዋ ገና በሩ ላይ ሽታውን ስትስብ የቤቱን ደረጃ አወቀች። እንዲህ ያለ መረቅ ከሰባት ዓመቷ ውስጥ ቆጥራ ብታወጣ ሦስት ጊዜ ቢሳካላት ነው። ላዩ ላይ አንዲት ጠብታ ቅባት የለችም። ሁሉም በእጅ ተገፍፏል።

ሾርባው ሲቀርብ ቀማሿ አለቃዋ ደውሎላት ደጅ ወጥታ ነበር። ባልቴቷ ሁለቱን ጎድጓዳ ሳህኖች አስቀመጠችና ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ክዳን ያላት ትንሽ የሸክላ ዕቃ በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ጨው። አንተ ታደርጋለህ። አንተ እንደምትወደው» አለች። ወደ ጓዳዋም ተመለሰች።

ሶሎንግታንግ እንዲህ ነው የሚቀርበው። ያለ ጨው። ጨዋማነቱን የሚወስነው የሚበላው ሰው ነው፤ አብሳይ ጨምራ ካመጣችው ነውር ነው። ይህንን አብሳይዋ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። በመስኮቱ በኩል ቀማሿ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወዲያ ወዲህ ስትል ታየቻት። ያኔ እጇ ተዘረጋ። የጨው ዕቃዋን አነሳችና መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ አስቀመጠቻት።

ቀማሿ ገብታ ተቀመጠች። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች። «ምንድን ነው ይሄ? ጨው የለውም እኮ!»

አብሳይዋ ከራሷ ሳህን ቀመሰች። «እውነትሽን ነው» አለች። «ረስተውታል መሰለኝ።»

«እንዲህ ሆኖ አይደለም የሚበላው?»

«ኧረ በፍጹም! እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሾርባ ብናወጣ አለቃችን ድስቱን በላያችን ላይ ነበር የሚደፋው።»

«ቆይ ልጠይቃት።»

«ተያት እትዬ። አሮጊት ናት፤ ታፍራለች።»

ቀማሿ ተወቻት። በጋዜጣ ግን አልተወቻትም። ግማሽ ገጽ ነበር፤ ርዕሱም በትልልቅ ፊደል «አጥንት የታጠበበት ውሃ» ይላል።

አብሳይዋ ያን ሐሙስ በጉጉት ነው የጠበቀችው። የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ተነሥቶ «ይህች ሴትዮ የሶሎንግታንግን ሀ ሁ አታውቅም» ብሎ ይጽፍባታል፤ ከተማው ይስቅባታል፤ ያኔ ጋራዡ ማን እንደሆነ እናያለን ብላ ነበር። አንድ ሳምንት ጠበቀች። ማንም ምንም አልጻፈም። የከተማው ኮሪያውያን ያንን ጋዜጣ አያነቡትም፤ የሚያነቡት ደግሞ ቀማሿን ያምናሉ። ይባስ ብሎ አባባሉ ሕዝቡ አፍ ገባ። ጎረምሶች እየሄዱ ሾርባውን በማንኪያ እያንጠባጠቡ፣ አፍንጫቸውን ይዘው ቪዲዮ ተቀረጹ። ካፍቴሪያው ውስጥ ሳይቀር አንዱ ክር አጠንጣኝ የአብሳይዋን የአትክልት ሾርባ አይቶ፣ «ዛሬም አጥንት የታጠበበት ውሃ ነው?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷ ሳህኑን ሞልታ ሰጠችው።

ስድስተኛውን ቤት እንደ ልማዷ አብራት በልታ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን «ራሴን ታምሜያለሁ» ብላ ቀረች። ከዚያም በኋላ ቀረች። ቀማሿ ቀጣዮቹን ሁለት ቤቶች ብቻዋን ዞረች፤ ጽሑፎቿም ስለ መብራቱና ስለ ወንበሩ ልስላሴ የሚያወሩ ሆኑ።

በሦስተኛው ሳምንት አብሳይዋ አላስችል ብሏት ከሥራ ስትወጣ ወደ ባልቴቷ ቤት ሄደች። በሩ ላይ በማርከር፣ በተንጋደደ ፊደል «ጨው አለው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጡ ጭር ብሏል። የራት ሰዓት ደርሷል፤ አራቱም ጠረጴዛ ግን ባዶ ነው።

ባልቴቷ ሾርባውን አምጥታ ድብ አደረገችው። ጠረጴዛው ላይ የጨው ዕቃ የለም። አብሳይዋ ቀመሰች፤ ጨው ምላሷን አቃጠላት። ያን የመሰለ መረቅ እንደ ባሕር ውሃ ሆኗል። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ምን? አሁን ደግሞ በዛ?» አለች ባልቴቷ። ከዚያ ዓይኖቿን አጥብባ አየቻት። «አንተ። ያኔ መጣህ። ሁለት ነበራችሁ። ሌላው ጻፈ።»

«አዎ። የጻፈችው እሷ ናት። ግን ጥፋቱ የኔ ነው።» አብሳይዋ ቃላቱን እያሳጠረች፣ በእጇ እያሳየች ነገረቻት። የጨው ዕቃዋን እንዳነሳች፤ ከመጋረጃው ኋላ እንደደበቀች፤ ሾርባው ያለ ጨው እንደሚቀርብ እያወቀች እንደዋሸች። «የተጣላሁት ከእሷ ጋር ነበር» አለች በመጨረሻ።

ባልቴቷ ሁሉም እስኪገባት አስደገመቻት። ከዚያ ሳህኑን ከፊቷ ሳበችው፤ መረቁ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«እኔ አንተን ምን አደረግኩ?»

«ምንም።»

«አንተ አብሳይ ነህ? ይህን እጅህ ያውቃል? አጥንት፣ እሳት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሌሊት?»

«ያውቃል።»

«ጸሐፊው አያውቅም። እሱ ደደብ ነው። አንተ ታውቃለህ። አንተ ትብሳለህ።» በሩን በሁለት እጇ ከፈተችው። «ውጣ!»

አብሳይዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን አቁሞ ቀና ብሎ አያት።

እሑድ አማትየው ቤት ምሳ ላይ ሁሉም እስኪጎርስ ጠበቀችና ሹካዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የአጥንቱ ሾርባ ጨው የማይገባበት ሆን ተብሎ ነው። የሚበላው ሰው ነው የሚጨምረው። ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስልክ ልታናግሪ ስትወጪ ደበቅኩት።»

ባሏ የጎረሰውን መዋጥ አቃተው። ቀማሿ ቀስ ብላ አፏን በናፕኪን ጠረገች። «እስቲ ድገሚው» አለች።

ደገመችው።

«ለምን?» አለ ባሏ።

«ሥራ ቦታ ስሜ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጋራዥ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ያወቀችውን ሁሉ ከኔ አፍ ወስዳ፣ መልሳ በአፌ ሳቀችብኝ። አንተ ደግሞ 'ቀልድ ነው' አልከኝ።»

«አንቺ እባብ!» አለች ቀማሿ። «ያኔም ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ ይህቺ ሴት ዝምታዋ አላማረኝም ብያለሁ!»

«እባብም በይኝ። ብቻ ጻፊው። ሴትየዋ ቤቷ ጭር ብሎባታል፤ ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ።»

«ምን ብዬ ነው የምጽፈው? 'ስለማላውቀው ምግብ የወንድሜ ሚስት እያንሾካሾከችልኝ ነበር የምጽፈው' ብዬ?»

«አዎ። እሱን ብለሽ።»

ቀማሿ ሳቀች። «አልጽፈውም። ከዚህ ቤት ውጪ ብትተነፍሺው ደግሞ ማን ያምንሻል? አንቺን ሳህን አጣቢ!» ካፖርቷን አንሥታ ወጣች፤ በሩ ግድግዳውን እስኪያነቃንቅ ተዘጋ።

አማትየው ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፉ። «እሷ ልጄ ናት፤ ዕብሪቷን አውቀዋለሁ» አሉ። «አንቺን ግን እንዲህ አላውቅሽም ነበር። ያቺ አሮጊት ምን አደረገችሽ?»

ለሁለተኛ ጊዜ ነበር የምትጠየቀው። «ምንም፣ እማማ» አለች።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅዳ ጋዜጣው ቢሮ ሄደች። ዋና አዘጋጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ቀጭን ሰው ነው። ሁሉንም ከሰማት በኋላ አንድ ኮሪያዊ ወዳጁ ጋ ደውሎ ስለ ጨው ጠየቀ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ጠቁሯል።

«ስምሽ ይውጣ?»

«ይውጣ።»

«ማረሚያው በውስጥ ገጽ፣ በአራት መስመር ነው የሚወጣው።»

«ውሸቱ እኮ ግማሽ ገጽ ነበር።»

«ለማረሚያ ግማሽ ገጽ የሚሰጥ ጋዜጣ የለም፣ የኔ እመቤት።»

አራት መስመሩ ሐሙስ ወጣ፤ የአብሳይዋ ስም ከነአባቷ ስም ሰፍሯል። የኮሪያ ምግብ ቤቶቹ ጉብኝት በስምንተኛው ላይ ተቋረጠ። ቀማሿ ወደ ማስታወቂያ ክፍል ተዛወረች። እሑድ ምሳ ላይ «እሷ ካለች አልመጣም» አለች፤ አማትየውም ልጃቸውን መረጡ። አብሳይዋ አልፈረደችባቸውም።

ባሏ ዐሥራ አንድ ቀን ሶፋ ላይ ተኛ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «ያሳደገችኝ እኮ እህቴ ናት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አሁን ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

ጫማውን አስሮ ሲጨርስም ቶሎ አልተነሣም። «ጋራዥ እንደሚሉሽ ያኔ አልነገርሽኝም» አለ። መልስም ሳይጠብቅ ወደ ሥራው ሄደ።

በዚያው ቅዳሜ አብሳይዋ ጋዜጣውን ይዛ ወደ ባልቴቷ ሄደች። ሁለት ጠረጴዛ ላይ ሰው ነበረ፤ የጨው ዕቃዎቹም ተመልሰዋል። ባልቴቷ ግን ገና ስታያት እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመችባት። ጋዜጣውን ተቀብላ አራቱን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከኋላዋ ድስቱ ይንተከተካል።

«'ይቅርታ' ይላል» አለች። «ይህ የጋዜጣው ነው። ያንተስ?»

አብሳይዋ ጎንበስ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ።»

ባልቴቷ ጋዜጣውን በአራት አጠፈችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «አላደርግም» አለች። አልጮኸችም። በሩን በዝግታ፣ ውስጥ ያሉትን ተመጋቢዎች ሳትረብሽ ዘጋችው።

አብሳይዋ አውቶቡስ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ባሏ ወጥ ቤት ውስጥ የምታንጠባጥበውን ቧንቧ ፈትቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ተቀበለችሽ?»

«አልተቀበለችኝም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? አልተቀበለችኝም ነው ያልኩህ።» ካፖርቷን አወለቀች፤ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ ባትሪውን ከእጁ ተቀበለችና ወደሚሠራበት ቦታ አበራችለት። እሱም ዞር ብሎ ሳያያት ቧንቧውን ማጥበቁን ቀጠለ።